ማደንዘዣና የነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር መውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ነጭ የደም ሴል ከደም ሥር ሲወጣ ማደንዘዣው የሚያግደው የቱ ጋ ነው?

ሴሉ በአብዛኛው የሚወጣው ከካፒላሪ (እጅግ ቀጭኑ የደም ሥር) ቀጥለው ባሉት ቀጫጭን ደም መላሾች በኩል ነው። አካባቢው ሲጎዳ የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ሴሌክቲን የተባለ የሚይዝ ፕሮቲን ያወጣል፤ ኒውትሮፊሉም (አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) እየተያዘና እየተለቀቀ ይንከባለላል። ከዚያ ኬሞካይን (ሴሉን የሚጠራ የኬሚካል ምልክት) ሲያነቃው በሴሉ ላይ ያለው ኤልኤፍኤ-1 የተባለው ኢንተግሪን (ሴል የሚጣበቅበት ፕሮቲን) ቅርጹን ቀይሮ በሽፋኑ ላይ ያለውን አይካም-1 የተባለ ፕሮቲን አጥብቆ ይይዛል። ሴሉ ይቆማል፣ ይለጠጣል፣ በሽፋኑ ሴሎች መጋጠሚያ ሾልኮ ይወጣል።

በትንፋሽ የሚሰጡት ማደንዘዣዎች አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የሚነኩት ይህን ኤልኤፍኤ-1 ነው። አይሶፍሉሬን አይካም-1 ከሚያዝበት ቦታ ራቅ ያለ ኪስ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲኑ ወደሚይዝበት ቅርጽ እንዳይዞር ያደርገዋል። ይህ በ2009 በክሪስታል ጥናት ታይቷል። በደም ሥር የሚሰጠው ማደንዘዣ ፕሮፖፎልም ይህንኑ ፕሮቲን ያዳክማል።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና እየጠበቅኩ ነው። ቁስሌ ይመረቅዛል ማለት ነው?

አይደለም፣ አይስጉ። እገዳው ከፊል ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣም አብሮ ይለቃል። ሲዲ18 የተባለው የኢንተግሪን ክፍል ከተወለዱ ጀምሮ የሚጎድላቸው ሰዎች በከባድ ኢንፌክሽን ይሠቃያሉ፤ የእነሱ ጉድለት ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ላብራቶሪ ውስጥ በትራንስዌል (ሴሎች በጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚያልፉበት ባለ ወንፊት ሳህን) ስንሠራ ውጤቱ በየጊዜው ይለያያል። ምን እያጠፋን ነው?

ጋዝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መትነኑ ነው። ሳህኑ በተከፈተ ቁጥር ሴቮፍሉሬኑ ያመልጣል። በታሸገ ሳጥን፣ በ37 ዲግሪ፣ 2% አካባቢ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ፈሳሹ ውስጥ የቀረውን መጠንም በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካ ዘዴ) ለኩ። የቫፖራይዘሩን (ማደንዘዣውን የሚያተነው መሣሪያ) ቁጥር ብቻ አትመኑ። ማነጻጸሪያው ሳህንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ የጋዝ ፍሰት ያግኝ።

ፕሮፖፎል ከሆነ ማነጻጸሪያው ባዶ ፈሳሽ መሆን የለበትም፤ በእኩል መጠን የቀጠነ የስብ ኢመልሽን (ስብ በውሃ ውስጥ የተበተነበት ድብልቅ) ነው። 1% ፕሮፖፎል (10 ሚሊግራም በሚሊሊትር) 2,000 ጊዜ ሲቀጥን 5 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ይሆናል። መለያውን አንብቡ፦ አንዳንዱ ምርት ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ኢዲቲኤ ደግሞ ኢንተግሪን የሚፈልገውን ማግኒዚየም ይይዛል። ይህን ካልለያችሁ የማንን ሥራ እንደምትለኩ አታውቁም።

ለኒውትሮፊል የ3 ማይክሮን ቀዳዳ ይበቃል። ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት፤ በቮርቴክስ (በኃይል በሚንጥ መሣሪያ) አትናጡት፣ ሳይታዘዝ ይነቃል። ትራንስዌል ፍሰት ስለሌለው መንከባለሉን አያሳይም፤ ለእሱ የፍሰት ቻምበር ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ፦ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥስ መድኃኒት እንቀይር?

ለዚህ ብላችሁ አትቀይሩ። አንቲባዮቲኩ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥ፤ የታካሚው ሙቀት ከ36 ዲግሪ አይውረድ። ፕሮፖፎል በስብ ኢመልሽን ስለሚዘጋጅ ባክቴሪያ ይራባበታል፦ አንድ አምፑል ለአንድ ታካሚ ብቻ፤ ስሪንጅ ውስጥ የተቀዳው 6 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።