ክሮሚየምና ኒኬል፦ እናታቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል

ባለፈው ሰሞን ስለ ስቴንለስ ድስት ስጽፍ ብረቱ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት ብረታ ብረቶች፣ ክሮሚየምና ኒኬልን፣ ነካ ነካ አድርጌ ማለፌ ነው ጣጣ ያመጣብኝ። ከየትኛው ድንጋይ እንደሚወጡ የሚጠይቅ የጥያቄ ዶፍ ወረደብኝ። የተመሳሰሉትን አጣምሬ እመልሳለሁ።

ሁለቱ ለምን አብረው ይነሳሉ?

ምንጫቸው አንድ ስለሆነ። ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል፣ የላይኛው ክፍሉ በአብዛኛው ፔሪዶታይት የሚባል አረንጓዴማ ከባድ ድንጋይ ነው። ኒኬል 0.2 በመቶ ገደማ፣ ክሮሚየም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ አለበት። ከምንረግጠው የአህጉር ድንጋይ ጋር ሲተያይ ብዙ ነው። ለቁፋሮ ግን አያዋጣም፤ አንድ ነገር ሊሰበስበው ይገባል። የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ክሮሚየም ደቡብ አፍሪካ ላይ ለምን ተከመረ?

ቡሽቬልድ የሚሉት ቦታ፣ የዛሬ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከማንትል የመጣ ቅልጥ አለት በገፍ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ቀዘቀዘ። ክሮሚየም ክሮማይት በሚባል ጥቁር ማዕድን ሆኖ ቀድሞ ይረጋል። እንደ ጠላ አተላ ዘቀጠ ወይስ በሌላ መንገድ ተነባበረ? ባለሙያዎቹ ዛሬም ይሟገቱበታል። ያም ሆነ ይህ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ንጣፍ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ ይሄዳል። የዚምባብዌው ታላቁ ዳይክ የሚሉት ረጅም የአለት ቀበቶም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ።

የካዛክስታንና የቱርክ ግን ሌላ ነው። እዚያ የጥንት ውቅያኖስ ወለል፣ ከነማንትሉ፣ ተገፍቶ የብስ ላይ ወጥቷል። ክሮማይቱ ዱናይት የሚባል የፔሪዶታይት ዓይነት ለብሶ እዚህም እዚያም በቋጠሮ ይገኛል፤ ዛሬ ያገኘኸው ነገ ድንገት ያልቅብሃል።

«ኢንዶኔዥያ ኒኬል ከአፈር ያወጣሉ አሉኝ፤ እውነት ነው?»

እውነት ነው። ኒኬል ኦሊቪን በሚባለው አረንጓዴ ማዕድን ውስጥ ተበታትኖ ይደበቃል። ሙቀትና ዝናብ ድንጋዩን ለረጅም ዘመን ሲያበሰብሱት ማግኒዝየሙ ታጥቦ ይሄዳል፣ ኒኬሉ ትንሽ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል። ከ1 እስከ 2 በመቶ ሲደርስ ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። የፓስፊክ ውቅያኖሷ ደሴት ኒው ካሌዶኒያም እንዲሁ።

ሌላው መንገድ ድኝ ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ አለት በመንገዱ ድኝ ያለበት ድንጋይ ከበላ፣ ኒኬሉ ኦሊቪኑን ትቶ ከድኙ ጋር ይሄዳል። የሩሲያው ኖሪልስክ እንዲህ ነው። የካናዳው ሰድበሪ ግን አፈንጋጭ ነው፦ ከ1.85 ቢሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ የወደቀ ግዙፍ አካል ቅርፊቱን አቅልጦ የፈጠረው ነው።

እኛ አገርስ?

አለ እንጂ። አዶላ አካባቢ ሰርፐንቲናይት፣ ማለትም ውሃ የለወጠው የማንትል ድንጋይ፣ ከላዩ ኒኬል ያለበት አፈር ይዞ ይገኛል። ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ደግሞ ዱናይት አለ፤ የታወቀው ግን በፕላቲነም ነው። እዚያው ያለው የቢርቢር ወንዝ በዓለም የድንጋይ መዝገብ ላይ ስሙን አስፍሯል፦ ቢርቢራይት የሚባለው ድንጋይ የተሰየመው በእሱ ነው። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«አረንጓዴ ድንጋይ አገኘሁ፣ ኒኬል ይሆን?»

ወንድሜ፣ አረንጓዴ ሁሉ ኒኬል አይደለም፤ መዳብም አረንጓዴ ያደርጋል። ጥቁርና ከባድ ከሆነ ግን ያልተለበጠ የሴራሚክ ጀርባ ላይ ፈግፍገው። ቡናማ መስመር ከተወ ክሮማይት ሊሆን ይችላል፤ ጥቁር ከተወና ማግኔት አጥብቆ ከሳበው ማግኔታይት ነው ብለህ ጠርጥር። ለኒኬሉ ላቦራቶሪ ግድ ነው። ውጤቱ ሳይመጣ መሬቱን ለመግዛት እንዳትበደር።