ልብ የሚነግረን ከየት ሰምቶ ነው?

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ካርታ ቁማር ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ልቆጣችሁ ብዬ አይደለም፤ ቁጣውን ከየቤታችሁ እንደማታጡት አውቃለሁ። ባለፈው ከእህቴ ልጅ ጋር ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር። በስልኩ ባካራት የሚባለውን የካዚኖ ካርታ ቁማር ("ባንከር" እና "ፕሌየር" ለሚባሉ ሁለት ወገኖች ካርታ ይሰጣል፣ የትኛው እንደሚያሸንፍ ይገመታል) እያሳየኝ፣ "ጋሼ፣ አሁን ባንከር ነው የሚወጣው፣ ልቤ ነግሮኛል" አለኝ። ባንከር ወጣ። እኔን የከነከነኝ ማሸነፉ ነው።

ልብ እንደሚናገር አልክድም፤ እንጀራዬን የበላሁት በእሱ ነው። ባቡር ሲገባ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዘን ጎማውን አንድ በአንድ እንመታለን። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ሁሉም ብረት ነው። አለቃዬ ግን እንዲሁ ሲያልፍ "ያቺ ሦስተኛዋ" ይል ነበር። ቆይቶ እኔም "ይሄ ጎማ ደስ አላለኝም" ማለት ጀመርኩ፤ ለምን ብትሉኝ መልስ የለኝም። ጎማው ይወርዳል፣ ይመረመራል። ልክ ከሆንኩ ስንጥቁ ይገኛል፤ ከተሳሳትኩ ሳምንቱን ሙሉ ይሳቅብኛል። ጆሮዬን ያሠለጠነው ያ ሳቅ ነው።

እናቴም እንደዚያው ነበረች። ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ስንጫወት፣ እኛ ጋ ፀሐይ እያቃጠለ፣ "ልቤ ፈራ፣ ውጡ!" ትለናለች። ልቧ ግን በደንገጎ በኩል የጠቆረውን ደመና አይቶ ነው።

እስቲ የተበወዘ ካርታ ለልብ ምን ይነግረዋል? የእህቴ ልጅ የሚጫወተው ባካራት ብዙ ጊዜ ስምንት ጥቅል፣ ማለትም 416 ካርታ፣ አንድ ላይ ተበውዞ የሚሰጥበት ነው። ተጫዋቹ የሚወስነው ብሩን የት እንደሚያስይዝ ብቻ ነው፤ ሦስተኛ ካርታ ይጨመር አይጨመር የሚለውን እንኳ ደንቡ ጨርሶታል። ከ100 ዙር ባንከር 46 ገደማ፣ ፕሌየር 45 ገደማ ይወጣል፤ የቀረው ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ነው። ባንከር ላይ ያሸነፈ 5 በመቶ ኮሚሽን ይቆረጥበታል። በረጅሙ ሲታይ ከ100 ብር ባንከር ላይ 1 ብር ከ6 ሳንቲም፣ ፕሌየር ላይ 1 ብር ከ24 ሳንቲም ለቤቱ፣ ማለትም ለካዚኖው፣ ይቀራል። "እኩል" ላይ፣ ስምንት እጥፍ እንከፍላለን እያሉ፣ 14 ብር ከ36 ሳንቲም! የእኛ ልጅ ልቡ ደጋግሞ የሚነግረው ደግሞ ይህንኑ ነው። 1 ብር ምናላት እንዳትሉ፤ በሰዓት ስልሳ ጊዜ መቶ መቶ ብር የሚያስይዝ ሰው 6,000 ብር አንቀሳቅሷል።

ከሁሉ የገረመኝ እርሳሱ ነው። ካዚኖ ቤት ለባካራት ተጫዋች ያለፈውን ውጤት እንዲመዘግብበት ወረቀትና እርሳስ በነጻ ይሰጣል። ስልኩ ላይም ቀይና ሰማያዊ ክብ ተደርድሯል፤ ቀዩ ባንከር፣ ሰማያዊው ፕሌየር ነው። ስድስት ቀይ ሲከታተል አንዱ "አሁን ሰማያዊ" ይላል፣ ጓደኛው "ገና ይቀጥላል" ይላል፤ ሁለቱም ልባቸው ነው የነገራቸው። ሳንቲም ስድስት ጊዜ ብትወረውሩ ስድስቱም አንድ ወገን የመሆኑ ዕድል ከ32 አንድ ነው፤ ሲወረውር ለሚውል ሰው ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ውስጥ ሩሌት ላይ (ኳስ ቀይ ወይም ጥቁር ቁጥር ላይ የሚያርፍበት ቁማር ነው) ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። "አሁንስ ቀይ ነው" እያሉ ያስያዙት ብዙ ገንዘብ ከሠሩ።

በአንጻሩ ብላክጃክ በሚባለው ሌላ የካዚኖ ካርታ ጨዋታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የወጡትን ካርታዎች በመቁጠር ቤቱን ማሸነፍ እንደሚቻል አሳየ። የወጣው ካርታ እስኪበወዝ ድረስ ስለማይመለስ፣ የቀረው ምን እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣል። ካዚኖዎቹ ሲቆጥር የደረሱበትን ከጠረጴዛ ማስነሳት ጀመሩ። ልቡን ለሚያዳምጠው ግን እርሳሱን ቀርጸው ያቀርቡለታል።

ከጓደኛ ጋር ኮንከር መጫወት ሌላ ነው፤ እዚያ የምታነቡት ሰው አለ። አንድ ወዳጄ ጥሩ ካርታ ሲገባለት ጫት መቃሙን ያቆማል። ሃያ ዓመት ሙሉ አልነገርነውም። ጫት ካነሳሁ አይቀር፣ ምርቃና ላይ የልብ ድምፅ ከወትሮው ይበረታል፤ በዚያ ሰዓት ስልካችሁን ለሌላ ሰው ስጡ፣ አቦ!

ለእህቴ ልጅ ደብተር ገዛሁለት። ብር ሳያስይዝ፣ ካርታው ከመገለጡ በፊት ልቡ ያለውን እንዲጽፍ፣ ከተገለጠ በኋላ ልክ ወይም ስህተት እንዲል። የገጠመውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ያልገጠመውን የሚያስታውስ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ደብተሩን አላሳየኝም።

እኔም ለራሴ አንድ ይዣለሁ። ትናንት ማታ የጋዝ ሲሊንደራችንን በማንኪያ መታ መታ አድርጌ "እስከ እሑድ ይደርሳል" ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ጠዋት ሻዩ ሳይፈላ አለቀ።