«እንደ ኢዮብ ታጋሽ»፦ ተነጻጻሪ ወይስ ጠቃሽ?

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ በአማርኛ ፈተና ላይ «አባቷ እንደ ኢዮብ ታጋሽ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር በየትኛው ዘይቤ እንደተነገረ ተጠይቃ «ተነጻጻሪ» የሚለውን መረጠች። መምህሯ ግን መልሱ «ጠቃሽ» ነው ብለው ነጥብ ቀነሱባት። «እንደ» የሚል ቃል ካለበት ተነጻጻሪ ነው ተብለን አይደል የተማርነው? ትክክሉ የማናቸው ነው? ደግሞስ ልጄ የኢዮብን ታሪክ በቅጡ ሳታውቅ እንዲህ ያለውን አነጋገር እንዴት ልትረዳው ትችላለች?

መልስ፦ ልጅዎም መምህሯም ትክክል ናቸው፤ ችግሩ ያለው ከተሰጡት ምርጫዎች አንዱን ብቻ አክብቡ ባለው ፈተና ላይ ነው። (በማስተማር ዘመኔ እኔም እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጥቼ አንድ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ አስቁሞ ስለጠየቀኝ፣ በመምህሯ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም።)

ተነጻጻሪ የሚለው ስም ንግግሩ በምን ቅርጽ እንደቀረበ ይገልጻል፤ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር «እንደ»፣ «ያህል»፣ «ይመስል» በመሳሰሉ ቃላት አቀራርቦ ያሳያል። ጠቃሽ የሚለው ደግሞ ንግግሩ ኃይሉን ከየት እንደተበደረ ይናገራል፤ ብድሩ ከቅዱስ መጽሐፍ፣ ከታሪክ፣ ከተረት ወይም አንባቢ ሁሉ ከሚያውቀው ልቦለድ ሊሆን ይችላል። አንዱ ስለ ልብሱ ስፌት ሲጠይቅ ሌላው ጨርቁ ስለተሸመነበት አገር ይጠይቃል። ይህ አሁን ያልኩት ራሱ ንጽጽር ነው፤ ጠቀሳ ግን የለበትም፤ ምክንያቱም እርስዎ እንዲረዱት ከስፌትና ከጨርቅ ሌላ ማወቅ የሚገባዎት ታሪክ የለም።

ልጅዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልትፈትነው ትችላለች። «እንደ አንበሳ ደፋር ነው» ሲባል አንበሳን ማወቅ ብቻ ይበቃል። «እንደ ኢዮብ ታጋሽ ነው» በሚለው ውስጥ ኢዮብን አውጥታ የጎረቤታቸውን ስም ብታስገባ ግን ቅርጹ ሳይነካ የንግግሩ ጉልበት ወዲያው ይጠፋል፤ እዚያ የነበረው ታሪክ አብሮ ወጥቷልና። ቀጥላ «እንደ»ን ታውጣና «አባቷ ኢዮብ ነበር» ትበል፤ ቅርጹ ወደ ተለዋጭ፣ ማለትም አንዱን ነገር በቀጥታ ሌላው ነው ወደሚል ዘይቤ፣ ሲዞር ጠቀሳው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በመጨረሻም ስሙን ራሱን ታጥፋው፦ «ያ ሁሉ ሲደርስበት አመዱ ላይ ተቀምጦ ገሉን አነሣ እንጂ አላማረረም»። እዚህ «እንደ» የለም፣ ኢዮብም አልተጠራም፤ ይሁን እንጂ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 2 ሰውየው ቁስሉን ሊፍቅበት ገል ወስዶ አመድ ላይ መቀመጡን ያነበበ ሰው ማን እንደተጠቀሰ አይጠፋውም። ሙሉው ጠቀሳ ይህ ነው።

ስሙም የሥራውን ያህል የተስማማው ነው። «ጠቀሰ» የሚለውን ግስ በአማርኛ በዓይን ምልክት ለሚሰጥ ሰው እንጠቀምበታለን፤ በቀለም ብዕር ለሚያጠቅስ ጸሐፊም፣ እንጀራውን ወጥ እያስነካ ለሚበላም፣ የሌላውን ቃል ለሚያመጣ ተናጋሪም እንዲሁ። ሁሉም በጥቂቱ መንካት ናቸው። ይሁንና «ጥቅስ» እና «ጠቀሳ» መለየት አለባቸው፤ ጥቅስ የሰውን ቃል እንዳለ አምጥቶ የማን እንደሆነ ሲናገር፣ ጠቀሳ በሰው መካከል በዓይን እንደሚደረግ ምልክት ነው፤ ዓይኑን ያየው ይገባዋል፣ ያላየው ወሬውን ሰምቶ ያልፋል።

ስለ ኢዮብ አንድ ነገር ልጨምር። ጠቀሳ ታሪኩን በሙሉ ይዞ አይመጣም፤ ልማድ የመረጠውን ክፍል ብቻ ነው የሚያነሣው። የኢዮብን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ምዕራፍ 3 ላይ ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ሲረግም፣ ከዚያም ብዙ ምዕራፎች ሙሉ ሲከራከር ያገኘዋል። በአነጋገራችን የቀረው ግን በያዕቆብ መልእክት 5፥11 የተወሳው ታጋሹ ኢዮብ ነው። በእስልምናም ነቢዩ አዩብ የሚታወሱት በዚሁ በሰብራቸው (በትዕግሥታቸው) ስለሆነ፣ ይህ ጠቀሳ አማርኛ ተናጋሪውን ሙስሊምና ክርስቲያን እኩል ከሚያገናኙት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ወደ ንጽጽር እንመለስ፤ በትምህርት ቤት ከሚባለው ይልቅ ጠለቅ ያለ ነገር ነውና። ሁለት ነገሮች ይመሳሰላሉ ማለት አንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ያለው ዝምድና ሦስተኛው ከአራተኛው ጋር ካለው ዝምድና ጋር ይመሳሰላል ማለት ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ሁለተኛውን ከጠቀሳ ጋር ተጋብቶ ለማየት ሰምና ወርቅን ለማስረዳት ዘወትር ከሚነሣው ከዚህ የሕዝብ ግጥም የተሻለ አላውቅም፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ገጣሚው «እንደ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አላስገባም። «አዳም» እና «ከንፈርሽ» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «መድኃኔ ዓለም» እና «ልቤ»ም እንዲሁ። በየጥንዱ ፊተኛው ሰም፣ ኋለኛው ወርቅ ነው። ሰሙን ብቻ የሚያነብ ሰው አዳም ዕፀ በለስን በላ፣ በዚህም ምክንያት መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያገኛል። ወርቁን የሚያወጣ ሰው ደግሞ ከንፈርሽ አጥፍቶ ልቤ መከራ አየ የሚል የፍቅር ስሞታ ይሰማል። ሁለቱን ያጣበቀው «ተሰቀለ» የሚለው ግስ ነው፤ በመስቀል ላይ መዋልንም፣ «ልቤ ተሰቅሎ ዋለ» ስንል የምንናገረውን ጭንቀትና ናፍቆትም ይይዛል። አሁን አራቱን ነገሮች ደርድረው ይመልከቱ፤ አዳም ለመድኃኔ ዓለም መሰቀል ምክንያት እንደሆነ ሁሉ ከንፈርሽም ለልቤ መሰቀል ምክንያት ሆነ። የንጽጽሩ ድፍረትም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አፍቃሪው ራሱን ንጹሕ ሆኖ ስለ ሌላው ጥፋት በሚቀጣው ወገን አሰልፎ፣ ውዷን በደለኛው ወገን ላይ አድርጓታል። ዘፍጥረትንና የስቅለቱን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ቤት መምታቱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ የዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ዛፍ በስሙ አልተጠራም፤ በለስ የሚመጣው አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ሲያገለድሙ ነው። «ዕፀ በለስ» የእኛ ትውፊት ያጸናው ስም ሲሆን፣ በአውሮፓ ሥዕልና ሥነ ጽሑፍ ዛፉ ፖም ሆኗል። ስለዚህ በትርጉም ጽሑፍ ላይ «አዳም የገመጠው ፖም» የሚል ሳነብ ተርጓሚው ቃሉን እንጂ ጠቀሳውን እንዳልተረጎመ ይታወቀኛል።

ጠቀሳ ሲያረጅ ፈሊጥ ይሆናል፤ ተናጋሪውም ከየት እንዳመጣው ይረሳል። ብርጭቆ ተሰብሮ እናት «ማን ነው?» ስትል ልጅ ሁለት እጁን አንሥቶ «እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ» ይላል። «ደሙ» ከሚለው ቃል ጫፍ ላይ ያለችውን ቅጥያ ልብ ይበሉ። የማን ደም? በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ደም ያነሣ ሰው የለም፤ የተሰበረው ብርጭቆ ነው። ቅጥያዋ የምታመለክተው በንግግሩ ውስጥ የሌለን፣ ሁሉም ግን እንደሚያውቀው የሚታሰብን ሰው ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27 ጲላጦስ በሕዝቡ ፊት እጁን ታጥቦ ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ ያለበትን ቦታ። ታሪኩ ከአእምሮ ወጥቶ ሰዋስዉ ላይ አሻራው ቀርቷል። ከአንድ ንግግር ውስጥ ቀድሞ ያልተነሣን ነገር እንደ ታወቀ አድርጎ የሚያመለክት ቅጥያ ካገኙ፣ ከኋላው ታሪክ ወይም ተረት እንዳለ መጠርጠር አይከፋም። ደግሞ ጲላጦስን ለነቀፋ የሚጠቅስ ጸሐፊ አንድ ነገር ያስብ፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጲላጦስ ከቅዱሳን ጋር የሚታሰብ ሰው ስለሆነ፣ በሌላው ዓለም የፈሪ ዳኛ ምሳሌ ሆኖ የሚሠራው ስም በአንዳንድ የእኛ አንባቢ ጆሮ እንደታሰበው ላይሠራ ይችላል።

ምሳሌያዊ ንግግር በሁለቱ መካከል ይቆማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ግማሹ ብቻ የተነገረ ንጽጽር ነው፤ ሌላውን ግማሽ፣ ማለትም ድሩ እነማን አንበሳውም ማን እንደሆነ፣ የሚሞላው የተነገረበት ስብሰባ ነው። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን አዲስ የመጣ የሥራ ባልደረባ ያለ ደረጃው ክብር ሲፈልግ አንዷ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ቁርበት ይነጠፍለት እንዴ?» ብትል፣ ምሳሌውን አልተናገረችም፤ ጠቅሳዋለች። ጅቡ አልተጠራም፤ ስድቡ ግን ደርሷል። አማርኛ ተናጋሪ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ…» ብሎ ይተወዋል፣ ሰሚው በልቡ ይጨርሰዋል።

ታሪካችንም ራሱ በጠቀሳ የተሰየመ ነው። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለው ጊዜ «ዘመነ መሳፍንት» ሲባል የዛሬ ተማሪ የሚሰማው የመኳንንትና የመሳፍንት ዘመን የሚለውን ነው፤ ይህም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ስሙን ያወጡት ሊቃውንት ዳዊት ደግመው መጽሐፍ ተምረው ያደጉ ነበሩና፣ ከፊታቸው የነበረው መጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ መጽሐፉ የሚዘጋው በእስራኤል ንጉሥ ስላልነበረ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያደርግ ነበር በሚል ቃል ነው። እንግዲህ «ዘመነ መሳፍንት» ማለት በአንድ ሐረግ የተነገረ ክስ ነው፤ ጎንደር ላይ ዘውድ የጫነ ቢኖርም ንጉሥ አልነበረም ማለት ነው። ዘመኑን የዘጋው ሰውም በጠቀሳ መለሰ። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጡት፣ በፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል የሚለው ትንቢት በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ትንቢቱን ሰማ፤ ሌላ ዐዋጅ ባያስፈልግም ይቻል ነበር። ዛሬ አንድ ጸሐፊ «ወደ ዘመነ መሳፍንት እንዳንመለስ» ሲል ደግሞ የሚጠቅሰው መጽሐፈ መሳፍንትን መሆኑ ቀርቶ ጎንደርን ነው፤ ጠቀሳ በጠቀሳ ላይ ተነባብሯል።

ልጅዎ እንዴት ልትረዳ ትችላለች ላሉት፣ የዘይቤዎችን ስም ማስሸምደድ ብዙ አይጠቅማትም። ያልገባት አነጋገር ሲያጋጥማት «እዚህ የሌለ፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ ተብሎ የታሰበው ማን ነው?» ብላ ትጠይቅ፤ ካልታወቃትም እርስዎን ወይም አያቷን ትጠይቅ፤ ታሪኩ በአምስት ደቂቃ ይነገራል። ዔሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ ሲባል በእንግሊዝኛ የምታነብ ልጅ ስለ አንድ የባዕድ ሾርባ ታስባለች፤ በአማርኛ የምታነበው ግን በጾም ቀን ከገበታዋ ላይ የምታውቀውን ወጥ ታያለች፤ ዋጋው ምን ያህል እንዳነሰም ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ሁሉም ጠቀሳ ደግሞ ከጥንት አይመጣም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የዘመኑን ሥርዓት በመንቀፉ እንደ እብድ የተቆጠረው ጉዱ ካሣ፣ መጽሐፉን ባነበቡ ሰዎች መካከል ስሙ ብቻ ሲጠራ ሐሳቡን የሚያደርስ ሆኗል። የልጅዎ ትውልድም የራሱን ከሚያነበውና ከሚያየው እየጨመረ ነው፤ አንዳንዱ ለእኔ አይገባኝም፣ ያን ጊዜ ጠያቂው እኔ እሆናለሁ።

የተቀነሰውን ነጥብ በተመለከተ ከመምህሯ ጋር በአክብሮት ቢነጋገሩ ይሻላል። ጥያቄው «ዐረፍተ ነገሩ የቀረበው በምን ቅርጽ ነው?» ቢል መልሱ ተነጻጻሪ ይሆን ነበር፤ «ኃይሉን ያገኘው ከምን ነው?» ቢል ደግሞ ጠቃሽ። «በየትኛው ዘይቤ ተነገረ?» ብቻ ካለ ግን ሁለቱም ወገኖች ነጥቡ ይገባቸዋል።