ስለ ሉጅ ጠይቁኝ፦ ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም የሰፈር ሰዎች። ለገጣፎ ነው ያለሁት፣ የስፖርት መምህር ነኝ፣ ሉጅን ደሞ ከልጅነቴ ጀምሮ በቲቪ እየተከታተልኩ ነው ያደኩት። ሰሞኑን «ተኝቶ መንሸራተት ምኑ ስፖርት ነው» የሚል ነገር ሲበዛብኝ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የመጣውን በተራ ልመልስ።

ከሱሉልታ፦ ጋሼ ሉጅ፣ ስኬልተን፣ ቦብስሌይ... ሁሉም በረዶ ላይ መውረድ አይደል እንዴ?

ሉጅ ስሌድ (ትንሽ የበረዶ መንሸራተቻ) ላይ በጀርባህ ተኝተህ እግርህን ወደፊት አድርገህ ነው። ስኬልተን በሆድ ተኝቶ ጭንቅላት ወደፊት፣ ቦብስሌይ ደሞ ውስጡ ተቀምጠው የሚወርዱበት ነው። ትራኩ (የሚወርዱበት በበረዶ የተሸፈነ ቦይ) ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ከቡራዩ፦ ግን እውነት ተኝቶ ለመውረድ ምን ችሎታ ያስፈልጋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው። መነሻው ላይ ተወዳዳሪው ተቀምጦ ግራና ቀኝ ያሉትን እጀታዎች ይዞ ወደኋላና ወደፊት ይወዛወዝና በክንዱና በጀርባው ጉልበት ራሱን ይወረውራል፣ ከዛ ጓንቱ ላይ ትንንሽ ሹል ብረቶች አሉ በነሱ በረዶውን እየቧጠጠ ፍጥነት ይጨምርና ወዲያው ይተኛል። ከዚ በኋላ ሞተር የለም፣ መሪ የለም። የሚነዳው በባቱ የስሌዱን የፊት ጫፍ እየተጫነና በትከሻው ወደታች እየገፋ ነው፣ ያውም በጣም በትንሹ፣ ምክንያቱም ከሚገባው በላይ ከተንቀሳቀሰ ስሌዱ ግድግዳ ይነካል ሰዓቱም ይሄዳል። ኩርባ ውስጥ የሚያርፍበት ጫና የራሱን ክብደት 5 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ በዛ ላይ ጭንቅላቱን ወደኋላ ስለሚያደርግ ብዙም አያይም፣ ትራኩን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ሰዓቱ የሚለካው በሺኛ ሰከንድ ነው። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ ጀርመናዊቷ ሲልኬ ክራውስሃር የሀገሯን ልጅ ባርባራ ኒደርንሁበርን የበለጠቻት አራት ዙር ተደምሮ በ0.002 ሰከንድ ነው! ይሄን ያየ ሰው «ዝም ብሎ መተኛት ነው» ቢል እኔ አልስማማም።

ከጀሞ፦ ፍሬን አለው?

የለውም። መጨረሻው ዳገት ነው፣ ቀና ብለው ተቀምጠው እግራቸውን በረዶው ላይ እያሳረፉ ነው የሚያቆሙት። ፍጥነቱ 140 ኪሎሜትር በሰዓት አካባቢ የተለመደ ነው፣ ኦስትሪያዊው ማኑኤል ፊስተር ካናዳ ያለው ዊስለር ትራክ ላይ ወደ 154 ደርሷል።

ከአያት፦ እኔ የልጆች እናት ነኝ፣ ሰው አይሞትበትም?

ሞቶበታል እናቴ። በ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒክ መክፈቻው ቀን ጠዋት የ21 ዓመቱ ጆርጂያዊ ኖዳር ኩማሪታሽቪሊ ልምምድ ላይ ከትራኩ ወጥቶ ከብረት ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ህይወቱ አለፈ። ከዛ በኋላ የወንዶቹ መነሻ ወደ ሴቶቹ መነሻ ዝቅ ተደረገ፣ ግድግዳውም ከፍ አለ። ያ ልጅ ህልሙን ይዞ የመጣ ወጣት ነበር፣ ስለ ፍጥነት ሲወራ እሱም መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከሰበታ፦ ሴቶችም አሉበት?

ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ማለትም ሉጅ ኦሎምፒክ ከገባበት ከ1964 ኢንስብሩክ ጀምሮ። የሴቶች ጥንድ (ሁለት ሴቶች በአንድ ስሌድ) ግን ገና በ2026 ሚላኖ ኮርቲና ነው የተጨመረው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ለምንድነው ሁሌ ጀርመን የምታሸንፈው?

ትራክ ስላላቸው ነው ዋናው። አራት በማሽን የሚቀዘቅዝ ትራክ አላቸው፣ ከነሱ ውስጥ ኬኒግሴ በዓለም የመጀመሪያው ነው (በ2021 ጎርፍ ክፉኛ ጎድቶታል)። ልጅ እያሉ ይጀምራሉ፣ እንደኛ ሩጫ በሉት። ጌኦርግ ሃክል ሶስት ኦሎምፒክ ተከታትሎ ወርቅ ወሰደ፣ ናታሊ ጋይዘንበርገር ደሞ በጠቅላላው 6 ወርቅ አላት።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ጋሼ እኛ ቁልቁለት ላይ ኩሽኔታ ነው የምንነዳው፣ ኢትዮጵያዊ ሉጅ መወዳደር ይችላል?

ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። የህንዱ ሺቫ ኬሻቫን ሀገሩ ውስጥ ትራክ ሳይኖር ስሌዱ ላይ ጎማ ገጥሞ የሂማላያ አስፋልት ላይ እየተለማመደ ከ1998 እስከ 2018 ስድስት ኦሎምፒክ ተሳትፏል። አሜሪካኖችም አዳዲስ ልጆች ሲመለምሉ በበጋ ጎማ ባለው ስሌድ አስፋልት ላይ ነው የሚፈትኗቸው። ከኛም ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ መግባት እንደሚቻል አሳይቷል፣ ስፖርቱ ሌላ ቢሆንም። ስለዚ ይቻላል፣ ግን ውጭ ሄዶ እውነተኛ በረዶ ላይ ለዓመታት መለማመድና የሚደግፍ ፌዴሬሽን የግድ ነው፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። አደራ የምልህ ግን ሲኖትራክ የሚያልፍበት መንገድ ላይ እንዳትወርዱ፣ ሄልሜት አድርጉ፣ ታች የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ኬሻቫን ራሱ በመኪናና በከብት መሀል ነበር የሚወርደው፣ እሱን ግን አትከተሉት።

ከገላን፦ በቲቪ ሳይ ምን ላይ ላተኩር?

መነሻው ላይ፣ እዛ የጠፋች ሽርፍራፊ ሰከንድ ታች ድረስ እያደገች ነው የምትሄደው። ከዛ በየመሀሉ የሚወጣውን ሰዓት ተከታተል፣ አረንጓዴ ከሆነ እየመራ ነው። የቡድን ሪሌው (ቅብብሉ) ደሞ እንዳያመልጥህ፣ የወረደው ሰው ከላዩ የተንጠለጠለውን ሰሌዳ በእጁ ሲመታ ነው ላይ ለሚጠብቀው በር የሚከፈተው፣ ሰሌዳውን ከሳተ ቡድኑ በሙሉ ከውድድር ውጭ ነው።