ስለ ኩፍኝና አንቲቦዲ የጠየቃችሁኝን ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምታውቁት ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ትናንት ስለ ኩፍኝ ስናወራ ጥያቄው ስለበዛ እስኪ ተራ በተራ።

ጥያቄ፦ ልጄ ኩፍኝ ወጥቶባት ድናለች። እናቴ አንዴ የወጣበት ሰው ሁለተኛ አይወጣበትም ትላለች፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እናትሽ ልክ ናቸው። ፋሮ ደሴቶች (በሰሜን አትላንቲክ ያሉ የዴንማርክ ደሴቶች) እ.ኤ.አ. በ1781 ኩፍኝ ገብቶ ከዛ 65 ዓመት ሙሉ ዝር አላለም፣ በ1846 ሲመለስ ከ7,800 ገደማ ነዋሪ 6,000 ያህሉን አስተኛ። ፓኑም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ቤት ለቤት ዞሮ ሲያይ ግን በልጅነታቸው የታመሙት ሽማግሌዎች አንዳቸውም አልተያዙም። 65 ዓመት እኮ ነው!

ጥያቄ፦ አንቲቦዲውን ማነው ሚሰራው?

መልስ፦ አንቲቦዲ ማለት ቫይረሱ ላይ ተጣብቆ የሚይዘው የሰውነታችን መከላከያ ፕሮቲን ነው፣ የሚሰራው ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ነው። እያንዳንዱ ቢ ሴል የራሱ የሆነ አንድ ዓይነት መያዣ አለው (ኋላ አንቲቦዲ ሆኖ የሚለቀቀው)፣ አብዛኛው የሚገጥመውን ሳያገኝ ይሞታል። ቫይረሱ ሲገባ ግን ያ ስንታመም አንገታችን ስር የሚያብጠው ንፍፊት ውስጥ የገጠመው ሴል መባዛት ይጀምራል፣ ሲባዛ መያዣው ትንሽ ትንሽ ይቀያየራል፣ ቫይረሱን ጠበቅ አድርጎ የያዘው ይቀጥላል ያልቻለው እዛው ይሞታል። ለዛ ነው አንቲቦዲያችን በሳምንታት ውስጥ እየበረታ ሚሄደው። መጀመሪያ የሚመጣው አይጂኤም የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት ነው፣ አይጂጂ የሚባለው ይከተላል። (ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የተቀዳ ደም ለአይጂኤም ኔጌቲቭ (የለም) ሊል ይችላል፣ ስለዚ ድገሙ ስንላችሁ አትቆጡን።)

ጥያቄ፦ ከኮቪድ በኋላ አንቲቦዲህ ቀንሷል ተባልኩ፣ አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም ወንድሜ። ደም ውስጥ ያለ አይጂጂ በ3 ሳምንት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ ተጣድፈው ያመረቱት ሴሎችም አብዛኞቹ ቶሎ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ግን አጥንት መቅኔ ገብተው ለዓመታት ያመርታሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ማስታወሻ ሴል ሆነው ቫይረሱ ሲመለስ በቀናት ውስጥ ይነሳሉ። ኮቪድ መልኩን ስለሚቀያይር ድጋሚ ሊይዝህ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደመጀመሪያው አይከብድም።

ጥያቄ፦ የኩፍኝ ክትባት ለምን እንደተወለዱ አይሰጥም?

መልስ፦ የእናት አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ አልፎ ህፃኑ ጋር ስለሚቆይ ክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስ ስራ ሳይጀምር ያጠፋዋል። ለዛ ነው እኛ ሀገር በ9 ወር፣ ከዛ በ15 ወር።

ጥያቄ፦ በሽታው እድሜ ልክ ከጠበቀ ታዲያ ለምን ይከተባሉ፣ ይውጣላቸው አይሻልም?

መልስ፦ ይሄን ስሰማ ነው ደሜ ሚፈላው። ኩፍኝ እነዛኑ ማስታወሻ ሴሎች ገብቶ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ኔዘርላንድስ ያሉ 77 ያልተከተቡ ህፃናት ከመታመማቸው በፊትና በኋላ ደማቸው ሲታይ፣ ለሌሎች ጀርሞች ከነበራቸው የአንቲቦዲ ዓይነት ከ11 እስከ 73 በመቶ ጠፍቶ ተገኝቷል። ለኩፍኝ እድሜ ልክ ተጠበቀ፣ ስንት ዓመት እየታመመ ያጠራቀመውን ግን ተነጠቀ። ክትባቱ እንዲህ አያደርግም።