«ከአምቡላንስ የምወጣው መቼ ነው?» ላልሽኝ ልጅ

ሥልጠናዋን ገና የጨረሰች አንዲት ወጣት በቅርቡ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ከአምቡላንስ ወጥቼ ወደ ኃላፊነት ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅብኛል?» አለችኝ። በሰዓቱ አጭር መልስ ሰጥቻት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ ምንም ነውር የለበትም። ማደግ የማይፈልግ ሰው ማን አለ? እኔን የከነከነኝ ጥያቄው ያስታወሰኝ ሰው ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ያን ቀን የቆረጥኩብሽን መልስ አሁን ልጨርሰው። ሌሎቻችሁም አብራችሁ ስሙኝ።

ጋሼ ነበር የምለው። ሥራ ስጀምር የተመደብኩት ከእሱ ጋር ነው። በሙያው ብዙ ዓመት ቆይቷል። በእጁ ያለው ፈቃድ ግን የመጀመሪያው፣ የመሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምናው ብቻ ነበር። አምቡላንሱንም የሚነዳው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሆስፒታል ውስጥ ብዙዎቹ «ሹፌሩ» ብለው ነበር የሚያውቁት።

አንድ ሌሊት ጥሪ መጣ። አንዲት እናት ራሷን አሟታል፣ ያስመልሳታል፣ ሰውነቷ ዝሏል። የጥሪ ማዕከሉ የሆድ ሕመም ሳይሆን አይቀርም ብሎ መዝግቦታል። ደርሰን ገባን። እኔ ወዲያው መሣሪያዎቼን አወጣሁ። ግፊቷን ለካሁ፣ የልብ ምቷን ቆጠርኩ፣ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰካሁ። 98 አለ። ጥሩ ቁጥር ነው።

ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል። ታማሚዋን ገና አልነካም። ቤቱን ነው የሚያየው፤ ጆሮውም ሌላ ነገር እያዳመጠ ነው። ከዚያ ድንገት «ሌላ ራሱን ያመመው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከጓዳ አንድ ልጅ «እኔንም አሞኛል» አለ። ጋሼ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። «ሁላችሁም ውጡ! አሁኑኑ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ልጁን በአንድ እጁ ብድግ አደረገው፤ እናትየውን ተጋግዘን ደጅ አወጣናት።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ከቤቱ ጋር በተያያዘ ዕቃ ቤት ውስጥ ጀነሬተር ይሠራል። እኔም ድምፁን ሰምቼዋለሁ። መብራት በጠፋ ሌሊት የጀነሬተር ድምፅ ማንንም አያስገርምም።

ከጀነሬተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ጣት ላይ የሚሰካው የተለመደው መለኪያ ደግሞ ሁለቱን አይለይም። ሄሞግሎቢኑ ተይዟል፤ በምን እንደተያዘ መሣሪያው አያውቅም። ሰው ከውስጥ እየታፈነ 98 የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ጋሼ የነገረኝ በኋላ ነው፤ ያኔ ለሁለቱም የኦክስጅን ጭንብል አድርገን ወደ ሆስፒታል እየበረርን ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ሞኒተሩን አየ። «98 ናት፤ ኦክስጅኑን አንሱላትና ተራ ትጠብቅ» አለ። ስለ ጀነሬተሩ ነገርኩት። ጀማሪ መሆኔ ፊቴ ላይ ያስታውቃል መሰለኝ፣ ቁብም አልሰጠኝ። ጋሼ ቀረብ ብሎ «ዶክተር፣ ልጁንም አሞታል፤ ቤቱ ዝግ ነበር» አለው። ሐኪሙ ዞር ብሎ አየውና «አንተ ሹፌሩ ነህ አይደል? መኪናውን ከበሩ ላይ አንሳልን» አለው።

ጋሼ ሄዶ መኪናውን አነሳ። ከኋላችን ሌላ አምቡላንስ ቆሞ ነበርና መነሳት ነበረበት። ከዚያ ተመልሶ መጣ። የእናትየው አልጋ አጠገብ ቆመ። ጭንብሉን በእጁ ይዞ «ኃላፊ ሳያይ አይነሳም» አለ። ቃል አልመለሰም፣ አልተሳደበም፣ ንቅንቅም አላለም። የተራው ኃላፊ የሆነችው ነባር ሲስተር ስትመጣ ያንኑ ነገር በዚያው ቃል ደገመላት። «ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዓይነት ሕመም፣ ዝግ ክፍል፣ ጀነሬተር።» ሲስተር ወዲያው ደም አስላከች። ውጤቱ ጋሼ እንዳለው ሆነ። እናትና ልጅ ሌሊቱን በኦክስጅን አድረው ዳኑ። በተራ አየር ቢሆን የመርዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ጭንብሉ ተነሥቶ ወረፋ ይጠብቁ ቢባል ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር እናንተው አስቡት።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። እኔ ተማርኩ፣ የፓራሜዲክ፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ፣ ፈቃድ ወሰድኩ። ለፈተናው ያስጠናኝ ማን ነው? ጋሼ ነው። በጥሪ መሀል መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ጥያቄ እየጠየቀ ያፋጥጠኝ ነበር። የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ሲከፈት መስፈርቱ ፓራሜዲክ መሆንን ይጠይቅ ነበር። ቦታው ለእኔ ተሰጠ። የጋሼ አለቃ ሆንኩ። «እንኳን ደስ አለሽ» ለማለት ቀድሞ የደወለልኝም እሱ ነው።

ያ ቦታ የእሱ ነበር። ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ሥራውን አልችለውም ብዬ አይደለም። ግን እኔ ታማሚ ሳይ እሱ ቤቱንም ያያል። ያንን መስፈርት ውስጥ የሚያስገባው የለም። ጋሼ ለፈተና ያልተቀመጠው ሰንፎ አልነበረም። ትምህርቱ የሚሰጠው በሥራ ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ልጆቹን ለማሳደግ ትርፍ ፈረቃ ይሠራል። ሲደክመው «ሥራውን እችለዋለሁ፣ ወረቀቱ ምን ይጨምርልኛል?» ይል ነበር። በመጨረሻ ጀርባው እምቢ አለ። ደረጃ ለደረጃ ታማሚ ተሸክሞ ሲወርድና ሲወጣ የኖረ ጀርባ ነው። ጡረታውን ሳይደርስ ወጣ። የሚያውቀውን ማንም ሳይጽፍለት ወጣ። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ለአዳዲሶች ሁልጊዜ የምነግረው አንድ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ፍሪደም ሀውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። ያኔ በብዙ ቦታ ታማሚ የሚጫነው በፖሊስ መኪና ወይም በአስከሬን መኪና ነበር። የፍሪደም ሀውስ ሠራተኞች «ከእነዚህ ምን ይጠበቃል» ተብለው የተናቁ የአንድ ድሃ ሰፈር ጥቁር ነዋሪዎች ነበሩ። ሥልጠናቸውን የነደፈው ሐኪሙ ፒተር ሳፋር ነው። ሳፋር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966፣ ልጁን በአስም አጥቷል። በኋላ ናንሲ ካሮላይን የምትባል ሐኪም አብራቸው በአምቡላንስ እየወጣች አስተማረቻቸው። የእነሱ ሥልጠና ለአገሪቱ የፓራሜዲክ ትምህርት መነሻ ሆነ። በ1975 ግን ከተማው የራሱን አገልግሎት ሲጀምር ፍሪደም ሀውስ ተዘጋ። መንገዱን ከከፈቱት ሰዎች ብዙዎቹ በአዲሱ መሥሪያ ቤት በፈተናና በመስፈርት እየተገፉ ከነበሩበት ወርደዋል፣ አንዳንዶቹም ወጥተዋል። ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ጋሼ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። አትቸኩዪ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከታማሚ አትራቂ። ወጣቶች ዛሬ ሥራ በገቡ በማግስቱ ማዕረግ ሲያሰሉ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ስክሪን ላይ ያለውን ቁጥር ከታማሚው ፊት ቀድመው የሚያዩም ብዙ ናቸው። አደጋ ቦታ ላይ ስልክ አውጥቶ የሚቀርጽ ባለሙያንማ በፍጹም አልታገሥም። የወደቀው ሰው እናት አለችው፤ ልጇን በዚያ ሁኔታ ስልክ ላይ ማየት የለባትም። ደግሞ በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ። እኛ የሞተ ሕፃን ተሸክመን አድረን ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ሰው እንስቅ ነበር። እናንተ «ከብዶኛል፣ ላወራ እፈልጋለሁ» ትላላችሁ። እባካችሁ ይህን አትተዉ። ነባሮቹ ቢያሾፉባችሁም አትተዉ።

አትቸኩዪ ብዬሽ ነበር። አሁን ደግሞ ፍጠኚ እላለሁ። ሁለቱ እንደሚጋጭ ይገባኛል። ከታማሚ ለመራቅ አትቸኩዪ፤ ለፈቃዱ ግን ፍጠኚ። ልጅ ሳይመጣ፣ ትርፍ ፈረቃ ሳያስርሽ፣ ጀርባሽ ሳይዝል ተፈተኚ። አጠራሩ ከአገር አገር ይለያያል እንጂ ከመሠረታዊው ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ፓራሜዲክ የሚወስድ መንገድ አለ። ፈቃዱ ያለው ሰው «ኃላፊ ሳያይ አይነሳም» ሲል ቶሎ ይሰማል። ጋሼ ያንን ለማሰማት እስከ ሲስተር መምጣት ድረስ መቆም ነበረበት።

ቢሮ ብቻ ዕድገት አድርገሽ አትዪ። ጽኑ ሕሙማንን ከሆስፒታል ሆስፒታል ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማስተማርም አለ። የጥሪ ማዕከሉን ብዙዎቻችሁ ትንቁታላችሁ፤ እኔ ግን እያንዳንዱ ጀማሪ የተወሰነ ጊዜ እዚያ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ልቡ የቆመ ሰው አንጎል አምቡላንስ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰውየውን የሚያድነው ስልክ ላይ ያለችው ባለሙያ ናት። የደነገጠ ልጅ የአባቱን ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲጫን እየቆጠረች ታስመታዋለች። ይህን ያደረገ ሰው በኋላ ጥሩ አለቃ ይወጣዋል።

ታማሚ ለሆስፒታል ስታስረክቢ አጭር ሁኚ። ዕድሜ፣ የሆነው ነገር፣ ያገኘሽው፣ የሰጠሽው። በዚያ ላይ ሐኪሙ ሊያየው የማይችለውን ቤት ጨምሪለት። በቃልሽ ብቻ አትተዪው፤ ከነሰዓቱ ጻፊው። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰሽ «ያቺ ታማሚ ምን ሆነች?» ብለሽ ጠይቂ። የሚያበሳጫቸው ይኖራሉ፤ ግድ የለም ጠይቂ። ያየሽው ትክክል መሆኑን የምታውቂው በዚያ ነው። ብቻሽን ደግሞ ሰው አታንሺ። ሁለተኛ ሰው ጥሪ፣ ታማሚ በደረጃ የሚወርድበት ወንበር ካለ አውጪ። ጉልበት አለኝ የሚል ወጣት ብዙ አይቻለሁ፤ ጋሼም ጉልበት ነበረው።

አንድ ቀን ከአንቺ በላይ የቆየ ሰው አለቃ ትሆኛለሽ፤ አይቀርም። እኔ ቦታውን እንደያዝኩ ጋሼ አዲሶቹን እንዲያሠለጥን ለበላይ ጠየቅሁ። የአሠልጣኝነት ወረቀት የለውም ተብሎ ተከለከለ። እሱ ግን ፈረቃ ሲያልቅ በቆመ አምቡላንስ ውስጥ ማስተማሩን ቀጠለ። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ ዛሬ በአሠልጣኝነት ይሠራሉ። አሁን እኔ በምመራው ክፍል ነባሮቹ የሚማሩበት ሰዓት ከሥራ ሰዓታቸው ላይ ይታሰብላቸዋል። ይህን ለማስፈቀድ ብዙ ተጨቃጭቄያለሁ። እናንተ ጋ ይህ ከሌለ ጠይቁ። እስኪፈቀድ ድረስ ደግሞ የፈተናው ምዝገባ ሲከፈት በቡድናችሁ ላለው ነባር ሰው ቀድማችሁ ንገሩት። ቅጹን አብራችሁት ሙሉ፤ በትምህርቱ ቀን ፈረቃውን ሸፍኑለት።