ሰባት ወርቃማ ኦሎምፒኮች፣ አምስት ፈረሶች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች የደረሱን ከአዳማ ነው፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ድሬሳዥ ስለተባለው፣ በተገራ ፈረስ ስለሚካሄደው የኦሎምፒክ ውድድር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ በአዳማ ከተማ ለረጅም ዘመን ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔም ደምበላ ሰፈር ፈረስ እያጠብሁ ነው ያደግሁት። የፓሪሱን ኦሎምፒክ በቴሌቪዥን ስከታተል ፈረሶች በሙዚቃ ታጅበው ሲረግጡና ሲሽከረከሩ አየሁ፤ የብር ሜዳሊያ ያገኘችው ጀርመናዊት 55 ዓመቷ መሆኑንም ሰማሁ። የእኛ ሯጮች ሠላሳ አምስት ሲሞላቸው «በቃቸው» እየተባለ፣ በዚህ ስፖርት አንድ ሰው እንዴት ይህን ያህል ዘመን ከላይ ሊቆይ ቻለ? «ሥራውን የሚሠራው ፈረሱ ስለሆነ ነው» ብል አባቴ ተቆጡኝ።
— የባለጋሪ ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አባትዎ ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ያዩዋት ጋላቢ ኢዛቤል ቬርት ትባላለች። በ1969 ተወልዳ በምዕራብ ጀርመን፣ ራይንበርግ አካባቢ፣ በወላጆቿ እርሻ ላይ ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። ገና ወጣት ሳለች ጎረቤታቸው የነበሩት አሠልጣኝ ዶክተር ኡቨ ሹልተን-ባውመር ፈረሶቻቸውን እንድትጋልብላቸው ጠሯት፤ የሙያዋ መነሻም ይኸው ሆነ። በመካከሉ ሕግ አጥንታ በጠበቃነት ብትሠራም ከኮርቻ አልራቀችም፤ ዛሬም ፈረሶቿን የምትገራው በዚያው በወላጆቿ ቦታ ነው።

እስከ ፓሪስ ድረስ 8 የወርቅና 6 የብር፣ በድምሩ 14 የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎችን አግኝታለች፤ በፈረስ ስፖርት የሚስተካከላት የለም። የዘመኑን ርዝመት ለእኛ አንባቢ ለማስረዳት ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አለን። ቬርት በ1992 በባርሴሎና የመጀመሪያ ወርቋን ስታገኝ ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ታሪክ ሠራች፤ በአትላንታ ስታሸንፍ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ በሲድኒ ስታሸንፍ የማራቶኑ ገዛኸኝ አበራ፣ በቤጂንግ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፣ በሪዮ አልማዝ አያና፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሰለሞን ባረጋ፣ በፓሪስ ደግሞ ታምራት ቶላ ወርቅ አጠለቁልን። በአቴንስና በለንደን ኦሎምፒክ አልተሰለፈችም እንጂ፣ በእነዚህ በሰባቱ እኛ ጀግና ከጀግና ስንቀበል ጀርመን ያንኑ ስም ስትጠራ ኖራለች።

ለዚህ አንደኛው ምክንያት ስፖርቱ ከሰው አካል የሚጠይቀው ነገር ከሩጫ የተለየ መሆኑ ነው። ጋላቢው ወገቡን አጽንቶ፣ የፈረሱን እንቅስቃሴ ሳይረብሽ ተቀምጦ፣ ክብደቱን በጥቂቱ በማዛወር፣ በእግሩ ለስላሳ ጫናና በጣቶቹ ትእዛዝ ይሰጣል። ይህ ችሎታ በዕድሜ የሚበስል እንጂ በሠላሳ ዓመት የሚጠወልግ አይደለም። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ በለንደን ኦሎምፒክ በድሬሳዥ ሲወዳደሩ 71 ዓመታቸው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ግልጥ የሚያደርገው ግን የዴንማርካዊቷ የሊስ ሃርተል ታሪክ ነው። ሃርተል በ1944 በፖሊዮ ተይዛ ከጉልበቷ በታች ያለው አካሏ ሽባ ሆኖ ቀረ፤ ወደ ፈረስ ላይ የምትወጣው ሰው ደግፏት ነበር። በ1952 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል በኦሎምፒክ ድሬሳዥ እንዲወዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድ (ከዚያ በፊት ሜዳው የጦር መኮንኖች ብቻ ነበር) በሄልሲንኪ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ ከአራት ዓመት በኋላም ያንኑ ደገመች። በሄልሲንኪ የሽልማት ሰገነት ላይ ደግፈው ያወጧት ወርቁን የወሰዱት ስዊድናዊው መኮንን ሄንሪ ሴንት ሲር ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ፈረሱ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ ባሰቡት መንገድ አይደለም። ፈረስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ሲሞላው ኮርቻ ይለምዳል። ከዚያ ተነሥቶ ግራን ፕሪ ወደሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ለመድረስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ስምንት ዓመት ያልሞላው ፈረስ በዚያ ደረጃ እንዲወዳደር አይፈቅድም። ዕድሜው ወደ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ሲጠጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይሰናበታል። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት መቆየት የሚፈልግ ጋላቢ ያሸነፈበትን ፈረስ እየሸኘ፣ ከጋጣው ውስጥ ገና ምንም የማያውቀውን እያወጣ፣ ከሀ ሁ ለመጀመር የማይሰለች መሆን አለበት።

የቬርት የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የመጡት በአምስት ፈረሶች ነው። ጊጎሎ በባርሴሎና የዘጠኝ ዓመት፣ በሲድኒ የአሥራ ሰባት ዓመት ፈረስ ነበር፤ አራት ወርቅና ሁለት ብር ያስገኘላት እርሱ ነው፤ በ1996 በግል ያገኘችውን አንድያ የኦሎምፒክ ወርቅ ጨምሮ። ሳችሞ ችሎታው የማይካድ፣ ጠባዩ ግን የሚያስቸግር ነበር፤ የቤጂንግ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር በተካሄደበት በሆንግ ኮንግ በቡድን ወርቅ ቢያስገኝም በግል በሆላንዳዊቷ አንኪ ፋን ግሩንስፈን ተበልጠው ሁለተኛ ወጡ። ቫይሄጎልድ በሪዮ ተከተለች። ከእርሷ በኋላ የመጡት ቤላ ሮዝና ዌንዲም ባዝሮች ናቸው።

ስለ ቤላ ሮዝ ትንሽ ልቆይ። ይህች ባዝራ በ2014 በዓለም ሻምፒዮና ለጀርመን ቡድን ወርቅ ካስገኘች በኋላ ተጎድታ ወደ አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከውድድር ውጭ ሆነች። ቬርት ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ፈረስ እርሷ መሆኗን ደጋግማ የተናገረች ሲሆን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌሎች ፈረሶችን እየጋለበች ጠበቀቻት። በ2018 ተመልሳ በአሜሪካ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በግል ወርቅ አገኘችባት፤ በቶኪዮ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወርቅና ብር። ዌንዲ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ቬርት የተረከበቻት በ2024 መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ በዚያው ክረምት የፓሪስ ኦሎምፒክ የፈረስ ውድድር በተካሄደበት በቬርሳይ አደባባይ የብሩን ሜዳሊያ አብረው ወሰዱ። በወራት ውስጥ ከማያውቁት ፈረስ ጋር መግባባት ብዙ ሰው ያስደንቃል፤ በእኔ ግምት ግን የቬርት ትልቁ ሥራ የቤላ ሮዝን አራት ዓመት መታገሥዋ ነው።

ትዕግሥቱ ገንዘብም ይጠይቃል። ከ2001 ጀምሮ ማድላይን ቪንተር-ሹልትሰ የተባሉ፣ ራሳቸውም ጋላቢ የነበሩ ባለሀብት ፈረሶችን እየገዙ በእርሷ እጅ ትተዋል፤ ቤላ ሮዝም የእርሳቸው ነበረች። እንዲህ ያለ ደጋፊ የሌለው ጋላቢ ደህና የገራውን ፈረስ ገበያ ሲመጣ ለመሸጥ ይገደዳል።

ነውሩንም መዝለል ተገቢ አይደለም። በ2009 ዊስፐር በተባለው ፈረሷ ደም ውስጥ ፍሉፌናዚን የተሰኘ፣ ለሰው የአእምሮ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ተገኝቶ ለስድስት ወር ታግዳለች። መድኃኒቱ ለሕክምና የተሰጠ ነው ብትልም፣ ለፈረሱ ደም የሚጠየቀው ጋላቢው በመሆኑ ቅጣቱ አልቀረላትም።

ጥያቄ፦ ዳኞቹ ምን አይተው ነው ነጥብ የሚሰጡት? ለእኔ ሁሉም ፈረሶች አንድ ዓይነት መስለውኛል። ሜዳሊያውስ የሚሰጠው ለማን ነው?
— መምህርት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሜዳው 60 ሜትር በ20 ሜትር ነው። ዙሪያውን ፊደላት ተተክለዋል፤ ጋላቢው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በተወሰነው ፊደል ላይ መጀመርና መጨረስ አለበት። በኦሎምፒክ ሰባት ዳኞች በሜዳው ዙሪያ በተለያየ ቦታ ተቀምጠው ለየእንቅስቃሴው ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ፤ ከባድ የሆኑት በሁለት ይባዛሉ፤ ድምሩ ወደ መቶኛ ይለወጣል። ከአንድ ወገን የሚታየው ጉድለት ከሌላው ወገን ላይታይ ስለሚችል የዳኞቹ ነጥብ አንዳንድ ጊዜ በጣም ይራራቃል፤ ክርክርም ያስነሣል።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመለከቱ በፒያፍ ላይ ያተኩሩ። ፒያፍ ማለት ፈረሱ በሶምሶማ ምት እግሮቹን እያነሣ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ መርገጡ ነው፤ በግራን ፕሪ ከ12 እስከ 15 እርምጃ ይጠበቅበታል። ጥሩ ፒያፍ የሚረግጥ ፈረስ ዳሌውን ዝቅ አድርጎ ክብደቱን በኋላ እግሮቹ ላይ ይሸከማል፤ ከፊት ቀሎ ይታያል፤ ምቱም እንደ ሰዓት እኩል ነው። ደካማው የኋላ እግሮቹን ከመሬት አያነሣም፣ ወይም ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ወይም ጅራቱን በቁጣ ያወናጭፋል። ከዚያ ቀጥሎ ፈረሱ ሲጋልብ የሚያስቀድመውን እግር በየእርምጃው እንዲቀያይር ይታዘዛል፤ አሥራ አምስት ጊዜ በተከታታይ መቀየር ሲኖርበት አንዷን ቢስት ነጥቡ ያሽቆለቁላል። ዳኞቹ ጋላቢውንም ያያሉ፤ ትእዛዙ ለተመልካች ባልታየ ቁጥር ይመሰገናል፤ በድምፅ ማዘዝ ደግሞ አይፈቀድም። በሙዚቃ የሚካሄደው፣ ከ1996 ጀምሮ በኦሎምፒክ የገባው ውድድር ላይ የቅንብሩ ውበትም ይታሰባል። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት በፓሪስ የሙዚቃው ውጤት ይበቃል፦ ጄሲካ ፎን ብሬዶቭ-ቬርንድል በዳሌራ 90.093፣ ቬርት በዌንዲ 89.614። በቡድን ጀርመን ዴንማርክን የበለጠችው በ0.121 ብቻ ነበር።

ሜዳሊያው የጋላቢው ነው። በዚህ ረገድ የእኛ አገር ልማድ የበለጠ ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነውና።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ጋሪ እነዳለሁ። ያ ሁሉ ጭፈራ በጅራፍ ካልሆነ በምን ይመጣል? ለእኛ ሥራ የሚሆን ነገርስ አለበት?
— ባለጋሪ፣ ከአዳማ አውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ

መልስ፦ በዓለም አቀፍ ውድድር ሜዳ ውስጥ ጅራፍ ወይም አለንጋ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ከሜዳው ውጭ የሚደረገው ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ዱጃርዲን የፓሪስ ውድድር ሊጀመር ሲል ራሷን አግልላለች፤ በሥልጠና ላይ መሬት ቆማ የፈረስን እግር በአለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ስለወጣባት ነው። ፌዴሬሽኑ ለአንድ ዓመት አግዶ 10,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጥቷታል። ይህች ሴት ቫሌግሮ በተባለው ፈረስ በ2014 እስከ ዛሬ የሚጠቀሰውን የ94.300 የሙዚቃ ክብረ ወሰን ያስመዘገበች በመሆኗ ነገሩ ብዙዎችን አሳዝኗል።

ደንቡ በሜዳው ላይ ጥብቅ ነው። በ2010 በአሜሪካው የዓለም ሻምፒዮና ለአሸናፊነት የታጨችው የሆላንዷ አደሊንደ ኮርኔሊሰን፣ ከፈረሷ ከፓርዚቫል አፍ ደም ስለታየ ወዲያው ከውድድር ወጥታለች። ስድስት ዓመት ቆይቶ በሪዮ ያው ፓርዚቫል ነፍሳት ነክሶት ፊቱ አብጦና ትኩሳት ይዞት ነበር፤ የእንስሳት ሐኪሞች አይተው ይሰለፍ ቢሉም፣ ኮርኔሊሰን ሜዳ ገብታ ጥቂት እንደጋለበች ፈረሱ ደህና አለመሆኑ ስለተሰማት በመሐል አቁማ፣ ለዳኞች እጅ ነሥታ ወጣች። ሜዳሊያ ያስገኝ የነበረውን ዕድል በራሷ እጅ ዘጋች።

ጭፈራው የሚመጣው በዝግታ በሚደረግ ድግግሞሽ ነው፤ መሠረቱም ለእርስዎ ሥራ ይሆናል። ጫና ሲደረግበት ፈረሱ መልስ ይፈልጋል፤ ትክክለኛውን መልስ በሰጠበት ቅጽበት ጫናው ከቀረለት በሚቀጥለው ጊዜ በትንሽ ጫና ይታዘዛል። ባለጋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ፈረሱ ከቆመ በኋላም ዛቡን እንደጎተቱ ይቆያሉ፤ እርሱም መቆሙ ከሕመም እንዳላዳነው ስለሚያይ አፉ ይደነድናል። ነገ ጠዋት ሲያቆሙት ዛቡን ሳብ አድርገው፣ እግሩ እንደቆመ ወዲያው ያላሉለት። ከአፍንጫው በላይ ያለው ማሰሪያም ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ መንጋጋውን ማንቀሳቀስ ያልቻለ ፈረስ ልጓሙን መቀበል አይችልም። ሲነሣም በመጀመሪያ በድምፅ፣ ቀጥሎ በዛብ ብቻ ይጠይቁት። በድሬሳዥ ሜዳ ላይ ድምፅ ያስቀጣል፤ በጋሪ ላይ ግን የሚከለክልዎ ዳኛ የለም።